ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት

ከቁም ሣጥን አናት የወረደ አሮጌ ካሜራ እጁ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚነካው የኋላ ክዳኑን ነው። መጨረሻ መነካት የነበረበት ግን እሱ ነው። ውስጡ ገና ያላለቀ ፊልም ሊኖር ይችላል፤ ክዳኑ በተከፈተባት ቅጽበት ደግሞ ውጪ ውጪ ያለው ዙር በብርሃን ይቃጠላል። ፊልም መኖር አለመኖሩን ሳይከፍቱ ማወቅ ቀላል ነው። በአብዛኞቹ የ35 ሚሊሜትር ካሜራዎች ግራ ትከሻ ላይ ፊልሙን ወደ ቀፎው፣ ማለትም ተጠቅልሎ ወደመጣበት ትንሽ ጣሳ፣ የምትመልስ ትንሽ እጀታ አለች። እጥፋቷን ዘርጉና፣ ከካሜራው ሥር ያለውን ቁልፍ ሳትጫኑ፣ በቀስቱ አቅጣጫ በሁለት ጣት ቀስ አድርጋችሁ አዙሯት። ምንም ሳይዛት እንደ ልቧ ከዞረች ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ጥቂት ዞራ ከጠነከረች ፊልም አለ፤ እዚያው ላይ አቁሙ።

ይህችን እጀታ ከሁሉ በፊት ያነሳኋት ያለ ምክንያት አይደለም። በፊልም ካሜራ ላይ ውስጥ የሚሆነውን ወደ ውጪ የምታሳይ ብቸኛዋ ክፍል እሷ ናት ብል ብዙም አላጋነንኩም። ስልክ ያነሳውን ወዲያው ያሳያል፤ ፊልም ታጥቦ እስኪመጣ ድረስ ምንም አይናገርም። ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሰበታ ወይም ኮዬ ፈጬ ለሚኖር ሰው ደግሞ ፊልም ማሳጠብ መሀል ከተማ መውረድን፣ ጠይቆ የሚያጥብ ማግኘትን፣ ከዚያም መጠበቅን ይጠይቃል። ስህተቱ ሲታወቅ ሠርጉም ክርስትናውም ካለፈ ቆይቷል። ስለዚህ በፊልም የሚሠራ ሰው ጣቱንና ጆሮውን ማሠልጠን አለበት። ብዙ ሰው ስለ ሌንስ ጥራት ሲከራከር እሰማለሁ። በእኔ ግምት ግን ከሚበላሸው ፊልም አብዛኛው የሚበላሸው ክዳኑ ክፍት ሆኖ በሚቆይባት ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ቦታው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እንጦጦን ተሻግረው ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲወርዱ ከፍታው ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። ሰማዩ በጠራባቸው ወራት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለው ፀሐይ ምሕረት የለውም። የፊልም ቀፎ አፍ ላይ ያለው ጥቁር ከፈይ ብርሃን ይከለክላል፤ ለቀትር ፀሐይ ግን አልተሠራም። አንዳንድ ፊልሞች፣ በተለይ ፕላስቲካቸው ፖሊስተር የሆነ፣ ከቀፎው ውጪ በቀረችው ጫፍ በኩል የገባውን ብርሃን በራሳቸው ውስጥ አሳልፈው ወደ ጥቅሉ ያደርሱታል። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ታጥበው ሲመጡ ጭጋግ የለበሱ ይሆናሉ። ጥላ ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ በራስ ጥላ ውስጥ መጫን ነው። የቆመ ሚኒባስ ውስጥ፣ የሱቅ በረንዳ ሥር፣ ደረጃ መውጫ ላይ ሁሉ ይሆናል።

ከብርሃን ቀጥሎ ያለው ጠላት አቧራ ነው፤ በከተማው ዳርቻ ደግሞ ከብርሃን ይብሳል። ከጥቅምት ወዲያ አስፋልት ባልደረሰበት መንገድ አንድ ገልባጭ መኪና ሲያልፍ የሚነሳው ደመና በዓይን የማይታይ ደቃቅ ጠጠር ነው፤ ግንባታ ባለበት ሰፈር ሲሚንቶም ይጨመርበታል። ከዚያ አንዲት ቅንጣት ከፈዩ ላይ ወይም ከክዳኑ ጀርባ ባለው ፊልሙን በሚጫነው ጠፍጣፋ ብረት ላይ ከተቀመጠች፣ ፊልሙ ባለፈ ቁጥር ትፍቀዋለች። ውጤቱ ከመጀመሪያው ፎቶ እስከ መጨረሻው በአንድ ቁመት ላይ የሚሄድ ቀጥ ያለ ጭረት ነው። እንዲህ ያለ መስመር ካያችሁ ጥፋቱን ሌንሱ ላይ አትፈልጉ። የካሜራውን ሆድ ከመጫናችሁ በፊት በጎማ መንፊያ ንፉት፤ በአፍ አይነፋም፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው፣ ምራቅም አይጠፋውም። በቆርቆሮ የሚሸጠው የታመቀ አየር ደግሞ ለሻተሩ፣ ብርሃን ለቅጽበት ለሚያስገባው ስስ መጋረጃ፣ ኃይለኛ ነው። ጠፍጣፋውን ብረት በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ይበቃል።

ክዳኑ ሲከፈት በግራ የቀፎው ጎድጓዳ፣ መሀል ላይ የሻተሩ መጋረጃ፣ ቀጥሎ ጥርስ ያለው ዘንግ፣ በቀኝ ጥግ ፊልሙ የሚጠቀለልበት ዘንግ ይታያሉ። ከእነዚህ ሁሉ ስሱ መጋረጃው ነው። በአንዳንዱ ካሜራ ጎማ የተቀባ ጨርቅ ነው፣ በሌላው ከወረቀት የማይወፍር የብረት ቅጠል። በጣትም ሆነ በፊልሙ ጫፍ አይነካም። የተጨማደደ ቅጠል ተጠግኖ እንደ ድሮው ሲሠራ ማየት ብርቅ ነው።

አሁን መጫኑ። እጀታዋን ወደ ላይ ሳቡ፤ ቀፎውን ዘንጉ ገፋ ብሎ የወጣበት ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ጎድጓዳው ውስጥ አስቀምጡ፤ ከዚያ እጀታዋን ወደ ቦታዋ መልሱ። እምቢ ካለች ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርጓት፤ ሹካዋ የቀፎውን መሀል ስታገኝ ራሷ ትወርዳለች። የፊልሙን ጫፍ ወደ ቀኝ ሳቡት፤ የሚጠቀልለው ዘንግ ላይ እስኪደርስ ብቻ ነው። ጫፉን ዘንጉ ላይ ባለው ስንጥቅ ውስጥ አግቡት። ማራመጃውን፣ ፊልሙን ወደ ፊት የሚያስኬደውን እጀታ፣ አንድ ጊዜ ሳቡ፣ ሻተሩን ተኩሱ፣ እንደገና ሳቡ። የምትጠብቁት ምልክት የላይኛውም የታችኛውም የቀዳዳ ረድፍ ጥርሱ ላይ መቀመጡን ነው። የፊልሙ ጫፍ ግማሽ ወርድ ሆኖ ስለተቆረጠ መጀመሪያ ላይ የሚይዘው አንዱ ረድፍ ብቻ ነው፤ በዚህ ደረጃ ክዳን የዘጋ ሰው ቁማር እየተጫወተ ነው። አንድ ፎቶ ቆጥባለሁ ብሎ በአንድ ረድፍ የሚዘጋ ብዙ ነው፤ ያንን ቁጠባ እኔ አልመክርም። ሠላሳ ስድስቱን ለማዳን አንዱ ቢቃጠል ምን ይላችኋል?

ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ የሚረሳው እርምጃ ቀጥሎ ነው። ቀፎው ውስጥ ያለው ጥቅል ልል ነው። ወደ ፊት ከማራመዳችሁ በፊት የመመለሻ እጀታዋን በቀስቱ አቅጣጫ በጣም ቀስ አድርጋችሁ፣ ሲጠብቅ እስኪሰማችሁ ድረስ አዙሩ። ከዚያ ማራመጃውን ስትስቡ እጀታዋን እዩ። በተቃራኒው አቅጣጫ ከዞረች ፊልሙ እየሄደ ነው። ካልዞረች አልያዘም። ሁለት ባዶ ተኩሳችሁ ቆጣሪው 1 ላይ ሲደርስ መሥራት ጀምሩ፤ ከዚያም በኋላ በየተወሰነ ፎቶ እጀታዋን በዓይን መስረቅ ልማድ ይሁን።

ቆጣሪውን አትመኑት። በብዙ የእጅ ካሜራዎች ቆጣሪው የሚቆጥረው የማራመጃውን ምት ነው፤ ፊልሙ ኖረም አልኖረም ቁጥሩ ይጨምራል። ባለ 36 ፊልም 1.6 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ እያንዳንዱ ፎቶ 8 ቀዳዳ ወይም 38 ሚሊሜትር ያህል ይወስዳል። 36ን አልፎ 37 ወይም 38 ላይ መቆም የተለመደ ነው። ቆጣሪው 40ን አልፎ ማራመጃው አሁንም እንደ ቅቤ ከሄደ ፊልሙ ከመጀመሪያውም አልተነቃነቀም ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ፊልሙ ራሱ ቀፎው ውስጥ በሰላም ስላለ እንደገና ይጫናል፤ የቀሩት ፎቶዎቹ ናቸው።

የፊልሙን ፍጥነት፣ ማለትም ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚለካውን የአይኤስኦ ቁጥር፣ ካሜራው ላይ ማስተካከልም የመጫኑ አካል ነው። ከፈረንጆቹ 1980ዎቹ መሀል ወዲህ በተሠሩ ብዙ ካሜራዎች ውስጥ ትንንሽ የብረት ነጥቦች አሉ፤ ቀፎው ላይ ያሉትን ጥቁርና ብር መሰል ካሬዎች አንብበው ፍጥነቱን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ነጥቦቹ ከዛጉ ወይም ከቆሸሹ ንባቡ ይሳሳታል። ያልተጻፈበት ቀፎ ሲያጋጥማቸው ብዙዎቹ አይኤስኦ 100 ነው ብለው ይገምታሉ፤ 400 ፊልም ለጫነ ሰው ይህ ሁለት ደረጃ፣ ማለትም የአራት እጥፍ ብርሃን፣ ልዩነት ነው። በእጅ የሚሞሉት ላይ ደግሞ ፊልሙ እንደተጫነ ቁጥሩን መሙላት ነው፤ በኋላ ማንም አያስታውሰውም። የካርቶኑን ክዳን ቆርጦ ካሜራው ጀርባ ላይ መለጠፍ ጥሩ ዘዴ ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ ማራመጃው መሀል መንገድ ላይ ይጠነክራል። እዚህ ላይ ጉልበት አይሠራም። ፕላስቲኩ አሲቴት የሆነው ፊልም በጉልበት ከተሳበ ቀዳዳዎቹ ይቀደዳሉ ወይም ከቀፎው ዘንግ ይነቀላል፤ ፖሊስተር የሆነው አይበጠስም፣ የካሜራው ጥርስ ነው የሚሰበረው። ከሥር ያለውን ቁልፍ ተጫኑ፣ እጀታዋን ዘርጉ፣ በቀስቱ አቅጣጫ አዙሩ። መጀመሪያ ይከብዳል፤ ከዚያ እኩል ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ትንሽ ጠንከር ብሎ ድንገት ቀለል ይላል። ቀለል ያለው ጫፉ ከዘንጉ ሲላቀቅ ነው። ብዙ ባለሙያዎች ጫፉን ውጪ ማስቀረት ይወዳሉ፤ ለማጠብ ይመቻል። ለጀማሪ ግን ሦስት ዙር ጨምሮ ጫፉን ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ማስገባት ይሻላል። ጫፉ ውጪ የቀረ ያለቀ ፊልም አዲስ ይመስላል፤ እንደገና ተጭኖ በአንዱ ላይ ሌላው ይነሳበታል። ቀፎው ላይ በማርከር "አልቋል" ብሎ መጻፍም አይጎዳም።

ስትመልሱ አትቸኩሉ። በበጋ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አየሩ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፤ ፊልም በፍጥነት ሲፋተግ ኤሌክትሪክ ያጠራቅምና ውስጡ ብልጭ ይላል። ያቺ ብልጭታ ፊልሙ ላይ ቅርንጫፍ ያለው የመብረቅ ቅርጽ ትታ ትሄዳለች። በሰከንድ አንድ ዙር ከበቂ በላይ ነው።

የተበጠሰና የተጣበቀ ፊልም የሚድነው በጨለማ ነው። እጀታዋ ያለ ምንም ክብደት ስትዞር፣ ማራመጃው ደግሞ ሲደርቅ፣ ፊልሙ በሙሉ በቀኙ ዘንግ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል ማለት ነው። ክዳኑ ከተከፈተ ሁሉም ይቃጠላል። ለዚህ የተሠራ እጅጌ ያለው ጥቁር ከረጢት አለ፤ እዚህ ማግኘቱ ቀላል አይደለም። ያለው አማራጭ መስኮት የሌለው ክፍል ነው፤ የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት በማታ፣ የበሩ ሥር በወፍራም ፎጣ ተደፍኖ። መብራት የጠፋበት ሌሊት እንዲያውም ይመረጣል፤ የመንገድ መብራት በቀዳዳ አይገባም። ገብታችሁ 5 ደቂቃ ተቀመጡ። ዓይን ከጨለማው ጋር ሲላመድ የእጃችሁን ጥላ ካያችሁ አልጨለመም። በጋቢ ሥር መሥራት አይታሰብ፤ ነጭ ጥጥ ብርሃን ያሳልፋል፣ አራት እጥፍ ቢሆንም። ስልክ፣ የሚያበራ ሰዓት፣ የቻርጀር ትንሽ መብራት ሁሉ ከክፍሉ ይወጣል። ከዚያ ክዳኑን ከፍቶ ፊልሙን ከቀኙ ዘንግ እየፈቱ፣ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ይዞ፣ ቀፎው ካልለቀቀ የቀፎውን ዘንግ በጣት እያዞሩ መመለስ ነው። ከቀፎው ከተነቀለ ፊልሙን ጠበቅ አድርጎ ጠቅልሎ ጥቁር የፕላስቲክ ጣሳ ውስጥ መክተት፣ ጣሳውን በፎይል መጠቅለል፣ ላዩ ላይ "በብርሃን አይከፈት" ብሎ መጻፍ። ይህ የሚያስፈራው ሰው ካሜራውን እንዳለ ፊልም አጣቢው ጋር ቢወስድ ይሻላል፤ ግን በቃል ነግሮ ብቻ አይተው፣ ካሜራው ላይ ወረቀት ይለጥፍበት።

ክዳኑ በስህተት ከተከፈተስ? ወዲያው መዝጋት። ጥቅጥቅ ብሎ የተጠቀለለ ፊልም ውስጠኛው ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ የሚጠፋው የውጪው ዙርና የጠርዞቹ አካባቢ ነው። ሁለት ሦስት ባዶ ተኩሶ መቀጠል ይቻላል። ሞተር ያላቸው ትንንሽ ካሜራዎች ላይ ነገሩ ይለያያል። አንዳንዶቹ ገና ሲዘጉ ፊልሙን በሙሉ ወደ ቀኝ አውጥተው፣ ፎቶ በተነሳ ቁጥር ወደ ቀፎው ይመልሱታል፤ ቆጣሪያቸውም ወደ ታች ይቆጥራል። በእነዚህ የተነሳው ቀፎው ውስጥ ስለሆነ ክዳን ቢከፈት የሚቃጠለው ያልተነሳው ነው። የሞተር ካሜራ መጫን ደግሞ ከሁሉ ቀላሉ ነው፦ ጫፉን ቀዩ ምልክት ድረስ ዘርግቶ፣ ከፍ ብሎ ያልጎበጠ መሆኑን አይቶ መዝጋት። ጫፉ ምልክቱን በጣም ካለፈ ይጨማደዳል፣ ካልደረሰ አይያዝም። ባትሪው አዲስ መሆኑን ከመጫን በፊት ማረጋገጥ እንጂ መሀል ላይ መቀየር ጥሩ አይደለም።

አሮጌ ካሜራ ስትገዙ የክዳኑን ጠርዝ ዙሪያ ያለውን ጥቁር ስፖንጅ በጥፍር ነካ አድርጉት። ከ20 እና 30 ዓመት በኋላ ስፖንጁ ወደ ሙጫ ይለወጣል፤ የሚጣበቅ ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ከተገኘ ብርሃን ይገባል። ምልክቱ በቀለም ፎቶ ጠርዝ ላይ የሚታይ ብርቱካንማ ወይም ቀይ ጨረር ነው። ጥገናው በቤት ይሠራል። በጥርስ መፋቂያና አልኮል በነካ ጥጥ ጎድጓዳውን ማጽዳት፣ ፍርፋሪው ሻተሩ ላይ እንዳይወድቅ ካሜራውን አዘንብሎ መሥራት፣ ከዚያ ከመርካቶ የሚገኝ ጥቁር የሱፍ ክር ጎድጓዳው ውስጥ ማስተኛት። ማጠፊያው በኩል ሰፋ ያለ ስለሆነ ጥቁር ከፈይ ቢለጠፍበት ይበልጣል።

ከ35 ሚሊሜትሩ የሚሰፋው የ120 ፊልም ቀፎ የለውም። ከፈረንጆቹ 1901 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ ፊልሙ ከጥቁር ወረቀት ጋር በዘንግ ላይ ተጠቅልሎ ይመጣል፣ ሲያልቅ ወደ ኋላ አይመለስም፣ ወደ ሌላኛው ዘንግ ተዛውሮ ይወጣል። ስለዚህ ባዶው ዘንግ አይጣልም፤ የሚቀጥለው ፊልም መቀበያ ነው። ማሰሪያዋን ቀድዳችሁ ጥቅሉን በአውራ ጣት እንደያዛችሁ ወረቀቱን ወደ ባዶው ዘንግ አግቡ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀስት ከካሜራው ምልክት ጋር እስኪገጥም አዙሩ፣ ዝጉ። 6 በ6 ሴንቲሜትር በሚያነሱት ካሜራዎች ላይ 12 ፎቶ ይገኛል። ጀርባቸው ላይ ቀይ መስኮት ያላቸው ካሜራዎች ላይ ቁጥሩ ከታየ በኋላ መስኮቱ ይሸፈን፤ የዛሬ ፊልም ቀይ ብርሃንም ያያል። ትልቁ ችግር መጨረሻ ላይ ነው፦ ልል ሆኖ የወጣ ጥቅል ጠርዙ ይቃጠላል። ሲወጣ በጣት ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት፣ ጫፉን እጠፉ፣ ሙጫዋን በምራቅ አርጥባችሁ አጣብቁ፣ ፎይል ውስጥ ክተቱት። በአደባባይ ፀሐይ አይቀየርም።

ፎቶውን እዚያው ወደሚያወጡት ፈጣን ካሜራዎች ስንመጣ ሰው የሚዘናጋበት ምክንያት ቀላልነታቸው ነው። የፉጂፊልም ኢንስታክስ ሚኒ በፈረንጆቹ 1998 የወጣ ሲሆን ካሴቱ 10 ፎቶ ይይዛል፤ ካርዱ 86 በ54፣ ምስሉ 62 በ46 ሚሊሜትር። ፍጥነቱ አይኤስኦ 800 ነው። ካሴቱን ከፎይሉ ስታወጡ ጎን ጎኑን ያዙ። ጀርባው ላይ ያሉት ሁለት አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች በጣት አይጫኑም፤ ከኋላቸው ያለው ፊልሙ ራሱ ነው። ካሴቱ ላይ ያለው ቢጫ መስመር ከካሜራው ቢጫ ምልክት ጋር ይግጠም፤ ተገልብጦ በጉልበት የገባ ካሴት ሁለቱንም ይጎዳል። ክዳኑን ዘግታችሁ አንድ ጊዜ ስትተኩሱ ጥቁሩ ሽፋን ይወጣል። ከዚያ ቆጣሪው 0 እስኪል ክዳኑ አይከፈትም። "ስንት ቀረ?" ብሎ ልጅ ከከፈተው ወዲያው ዝጉት፣ ካሴቱን አታውጡት። ፊት ያለው ፎቶ፣ አንዳንዴም ከኋላው ያለው፣ ይነጣል፤ የቀረው ሊተርፍ ይችላል። ቆጣሪያቸው በክዳኑ የሚነሳ ካሜራዎች ላይ ቁጥሩ ወደ መነሻው ስለሚመለስ ከዚያ ወዲያ የቀረውን በቃል መቁጠር ነው።

ፎቶው ሲወጣ ሁለት የብረት ሮለሮች መሀል ያልፋል። እነሱ ከታች ያለችውን ከረጢት አፈንድተው ኬሚካሉን በምስሉ ላይ እኩል ይቀቡታል። መውጫውን በጣት ከከለላችሁት ወይም ሞተሩ ሳይጨርስ ከሳባችሁት ቅቡ ይዛነፋል፤ ያልተቀባበት ጥግ ባዶ ይቀራል። በየፎቶው ተመሳሳይ ርቀት ላይ የሚደጋገም ነጥብ ደግሞ ሮለሩ ላይ የደረቀ ቆሻሻ ነው፤ ፖላሮይድ በሚባለው ሌላው ፈጣን ካሜራ ላይ በየካሴቱ ቅያሪ ሮለሩን በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ልማድ ይሁን። ያ ኬሚካል አልካሊ ነው፤ ያቃጥላል። ፎቶውን በመቀስ መቁረጥ፣ መላጥ፣ ለሕፃን አፍ መተው አይሆንም። ቆዳ ከነካ በብዙ ውኃ ይታጠባል፤ ዓይን ከገባ ታጥቦ ወዲያው ሐኪም ቤት።

መወዝወዝም አያስፈልግም። የድሮዎቹ የሚላጡ ፎቶዎች እርጥብ ሆነው ይወጡ ከነበረበት ጊዜ የቀረ ልማድ ነው። የዛሬውን ስትወዘውዙትና ስታጥፉት ውስጡ ያሉትን ንብርብሮች ታላቅቃላችሁ።

የዳርቻው ብርድ ዋጋ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። ኢንስታክስ ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይሠራል፤ 20 ዲግሪ አካባቢ በ90 ሰከንድ ገደማ ይወጣል። ፖላሮይድ ይበልጥ ስስ ነው፤ የሚፈልገው ከ13 እስከ 28 ዲግሪ ነው። በታኅሣሥ ጠዋት እንጦጦ ላይ ወይም ሱሉልታ ሜዳ ላይ ከዚያ በታች ነው። ብርድ የመታው ፖላሮይድ የፈዘዘና ሰማያዊ ይሆናል፤ ሙቀት የመታው ወደ ቢጫና ሮዝ ያደላል። መፍትሔው ፎቶ ከመነሳቱ በፊት ካሜራውን ካፖርት ሥር መያዝ፣ የወጣውን ፎቶ ሳያጥፉ ወዲያው ውስጥ ኪስ ውስጥ ማስገባት ነው። የፖላሮይድ ፋብሪካዎች በፈረንጆቹ 2008 ሥራ ካቆሙ በኋላ ፊልሙ በኔዘርላንድስ ኤንስኬዴ ከተማ በቀረው ፋብሪካ እንደ አዲስ ነው የተቀመረው፤ ሲወጣ ብርሃን እንዲያየው አይፈልግም። ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ፣ የቀለሙን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተዉት። ካሴቱ 8 ፎቶ ነው የሚይዘው። ስትገዙም ተጠንቀቁ፦ አይ-ታይፕ የሚባለው ካሴት ባትሪ የለውም፣ ባትሪውን ከካሴቱ የሚወስዱት የድሮዎቹ ካሜራዎች ውስጥ አይሠራም።

ስለ አቀማመጥ ብዙ ሰው ፍሪጅ ብቻ ያስባል። በአዲስ አበባ አየር ለጥቂት ወራት ፊልም ለማቆየት ጥላ ያለው ቀዝቃዛ ክፍል ይበቃል። የሚጎዳው ቆርቆሮ ሥር ያለው መደርደሪያና የመኪና ዳሽቦርድ ነው፤ ውጪው 22 ዲግሪ ሲሆን እዚያ በእጅ የማይነካ ሙቀት አለ። ፍሪጅ የሚጠቀም ሰው ፊልሙን አየር በማያስገባ ዕቃ ያስቀምጥ፤ ሲያወጣም ሳይከፍት አንድ ሁለት ሰዓት ይጠብቅ። ቀዝቃዛ ፊልም በክረምት አየር ውስጥ ሲከፈት ጤዛ ይይዛል፤ የ120 ፊልም ወረቀት ደግሞ ሲረጥብ ቁጥሩን ምስሉ ላይ ሊያትም ይችላል። ኢንስታክስና ፖላሮይድ የፍሪጁ በረዶ የሚሠራበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይገቡም፤ ፈሳሻቸው ይበላሻል። ሰኔ ሲገባ ካሜራውን ከቆዳ ቦርሳው ማውጣት ነው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ሌንሱ ላይ ሻጋታ ይዘራል። ሌላው ማንም የማያስበው ናፍታሊን ነው። ልብስ ከብል የሚጠብቀው ሽታ ፊልምን ይጎዳል፤ የቀለምና የቫርኒሽ ሽታም እንዲሁ። ፊልም ከሀበሻ ልብስ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አይኖርም።

የቀረው ኤክስሬይ ነው። እዚህ የሚገኘው ፊልም አብዛኛው ከውጭ በሰው ሻንጣ የሚመጣ ነው። ካርጎ የሚገባ ሻንጣ የሚያልፍበት መሣሪያ ኃይለኛ ነው፤ ፊልም ፈጽሞ እዚያ አይገባም። የእጅ ሻንጣ መፈተሻው ድሮ ለአይኤስኦ 400 ብዙም አያሰጋም ነበር፤ ሻንጣውን ዙሪያውን አገላብጠው የሚያዩት አዲሶቹ ሲቲ መሣሪያዎች ግን አንድ ጊዜ ቢሆንም ፊልም ላይ ጭጋግ ይተዋሉ። ኢንስታክስም 800 ስለሆነ ከዚህ አያመልጥም። ከተማ ውስጥም በትላልቅ ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች በር ቦርሳ በማሽን ያልፋል፤ የአንዱ ጨረር በሌላው ላይ ይደመራል። ፊልሙን ኪስ ውስጥ ወይም በእጅ ይዞ ለጥበቃው ማሳየት ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ በትሕትና ከተጠየቁ የሚከለክሉ ጥቂቶች ናቸው። ጨረር እንዲከለክል በእርሳስ ብረት የተሠራ ከረጢት አያስፈልግም፤ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ሲታያቸው እንደገና ያሳልፉታል። ፊልም ለሚያመጣላችሁ ዘመድ አስቀድማችሁ ንገሩት፦ ከካርቶኑ አውጥቶ በሚያሳይ የፕላስቲክ ከረጢት ይያዘው፣ የኢንስታክሱን ፎይል ግን አይቅደደው፣ ፍተሻው ላይ ከሻንጣው አውጥቶ "ፊልም ነው፣ በእጅ ፈትሹልኝ" ይበል። በየአገሩ መሸጋገሪያ ላይም እንዲሁ ነው።